የመጥረቢያው ብረት ዛቢያው ላይ ላልቷል፤ ትምህርቱ ነገ ጠዋት ነው

ጠያቂ፦ ውድ አባላት፣ እኔና ሁለት ታላላቅ ስካውቶች ነገ ጠዋት ለስምንት ታናናሾች የቢላዋና የመጥረቢያ ጥንቃቄ እናስተምራለን። አሁን ማምሻውን ያለንን ብቸኛ መጥረቢያ ስንፈትሽ ብረቱ ሲወዛወዝ አገኘነው። እስከ ነገ የሚያደርስ መላ ካላችሁ እባካችሁ ፈጥናችሁ ንገሩን።

ቀዳሚው፦ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱን ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል።

የቡድን መሪ፦ ከጥገናው በፊት ሥርዓቱ ይታሰብ። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ በብራውንሲ ደሴት ባካሄደው የሙከራ ካምፕ ልጆቹን በፓትሮል፣ ማለትም በትናንሽ ቡድኖች፣ ከፍሎ ከመካከላቸው መሪ ሾሞላቸው ነበር፤ የእናንተም ታናናሾች የሚቀዱት እጃችሁን ነው። ማንም ከመቁረጡ በፊት መጥረቢያውን በተዘረጋ ክንዱ ይዞ፣ ስለቱን በአፎቱ እንደ ሸፈነ፣ ቀስ ብሎ ዙሪያውንና ከራሱ በላይ ይለካ፤ በዚያ ክልል ሰውም ቅርንጫፍም ካለ ሥራው አይጀመርም። ቢላዋ ሲቀባበሉ እጀታው ወደ ተቀባዩ ይዙር፤ ተቀባዩ አጥብቆ ይዞ «አመሰግናለሁ» ሳይል ሰጪው አይልቀቅ። ተቀምጦ በጭኖች መካከል መቅረጽ ፈጽሞ አይፈቀድ፤ በጭን ውስጥ ትልቅ የደም ቧንቧ ያልፋል።

ሳቂታው፦ የመጥረቢያው መታመም በዛፎቹ ዘንድ ከተሰማ ነገ የሚያጨበጭቡት እነሱ ናቸው።

አሳቢ እናት፦ ለመሆኑ ለልጆች መጥረቢያ ማስጨበጥ ለምን አስፈለገ? ደነዝ ቢላዋ ብቻ ቢሰጣቸው አይበቃም?

አናጺው፦ እህቴ፣ ደነዝ ስለት ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ድንገት አንሸራትቶ እጅ የሚቆርጠው እሱ ነው። ወደ ጠያቂው ልመለስና፣ ውኃው ለጊዜው ያታልላል እንጂ ያበጠው እንጨት በብረቱ ተጨፍልቆ ሲደርቅ ከቀድሞው የባሰ ይላላል። ይልቅስ መጥረቢያውን ብረቱን ወደ ታች አድርገው አንጠልጥለው የዛቢያውን ጫፍ በእንጨት መዶሻ ቢመቱት፣ ብረቱ ከክብደቱ የተነሣ ባለበት ሲቆይ ዛቢያው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ከዚያም በአናቱ ክፍተት ደረቅ የጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ይመታበታል። ነገር ግን የቀድሞው ሽብልቅ አለ? ዛቢያውስ ደህና ነው?

ጠያቂ፦ አለመግለጼን ይቅር በሉኝ። ሽብልቁ ወድቆ ጠፍቷል፤ ከብረቱ ሥርም ጣት የሚያህል ስንጥቅ አለ።

አናጺው፦ እንግዲያውስ አይጠግኑት፤ ዛቢያው እስኪለወጥ አንድም ምት አይመታበት። ነገ ቢላዋውን ያስተምሩ፤ መጥረቢያውን ግን አይደብቁት፤ ታናናሾቹ በየተራ ብረቱን ወዝወዝ እያደረጉ ስንጥቁን ራሳቸው ፈልገው ያግኙት።

ቀዳሚው፦ ስንጥቁም ቢሆን ውኃ ውስጥ ካደረ ይገጥማል እኮ።