የዕቅድ ውይይት፦ የሼክስፒር ተውኔት «የቬኒሱ ነጋዴ»፣ የችሎቱ ትዕይንት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። የአራተኛውን ገቢር ችሎት እንጫወታለን፤ አይሁዳዊው አበዳሪ ሻይሎክ ብድሩ ስላልተመለሰ በውሉ መሠረት ከነጋዴው አንቶኒዮ አንድ ፓውንድ ሥጋ ልቁረጥ የሚልበትን፣ ከዚያ ከተመልካች ጋር ስለ ፍትሕና ምሕረት ውይይት። አርብ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቢላዋው እውነተኛ ከሆነ አልፈርምም። የአምናው የመድረክ ጉዳት የተከፈለው ከመዋጮ ነው።

አዘጋጅ፦ ሻይሎክ ቢላዋውን ጫማው ሶል ላይ ሲስል መሰማት አለበት። አንቶኒዮ ደረቱን ሊሰጥ ቆሟል። በእንጨት ማን ይደነግጣል?

አልባሳት፦ ካርቶን ይሁን፣ ብርማ እቀባዋለሁ።

አዘጋጅ፦ ካርቶን ምን ድምፅ አለው?

ገንዘብ ያዥ፦ በስፒከር ልቀቁት።

አዘጋጅ፦ አንተ ሁሌ ሳንቲም!

ገንዘብ ያዥ፦ ሳንቲሙ ባይኖር የት ትጫወት ነበር?

ሰብሳቢ፦ በቃ! የደነዘ ይሁን፣ ጫፉ የተቆረጠ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ እሱ ይሻላል።

ሻይሎክን የሚጫወተው፦ ቢላዋውን ተዉትና ረቂቁን እዩ። ፍርዱ የለም! የሕግ ሊቅ መስላ የገባችው ፖርሺያ «ሥጋ እንጂ ደም አይፈቀድም» ትልና ያልቃል። ዋናው እኮ ከዚያ በኋላ ነው። ያበደረው 3,000 ዱካት ቀረ፣ ግማሽ ንብረቱ አንቶኒዮ እጅ ገባ፣ ሃይማኖትህን ለውጥ ተባለ። ይህን በምሕረት ስም የጠየቀው ያው ሲተፋበት፣ ውሻ ሲለው የኖረው አንቶኒዮ ነው።

ጸሐፊ፦ ሰዓት የለንም። ደግሞ ኮሜዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1623ቱ የሼክስፒር ተውኔቶች ጥራዝም ከኮሜዲዎቹ ጋር ነው የታተመው። ሰው ከፍቶት አይሂድ።

ሻይሎክን የሚጫወተው፦ ለማን ነው ኮሜዲ? እንግሊዝ አይሁዶችን ያባረረችው በ1290 ነው። ተውኔቱ የተጻፈው ከ300 ዓመት በኋላ፣ አይሁዳዊ በወሬ ለሚታወቅበት ሕዝብ ነው። በ1943 ናዚዎች ቪየና ላይ አስጫውተውታል። ሰውየውን ከነቢላዋው አሳይተን የተፈረደበትን ከደበቅን፣ ያንኑ ጥላቻ ነው የምናስተላልፈው።

አልባሳት፦ እውነቱን ነው። ግን የሻይሎክን ቀይ ቆብ እሰፋለሁ ያለችው እህት ስልክ አታነሳም። ሚዛኑን የሚያመጣውም ልጅ ጠፍቷል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ንባብ ይሁን። የፖርሺያን የምሕረት ንግግር ወጣቶች ያንብቡት፣ እራት ይኑር።

ገንዘብ ያዥ፦ እራት ካለ በጀቱን ዛሬ እከልሳለሁ። ቢላዋው ይውጣ።

አዘጋጅ፦ ታዲያ እኔ ምን ላዘጋጅ?

ሻይሎክን የሚጫወተው፦ ንግግሯ ብቻውን ከተነበበ የለሁበትም። የሞሮኮው ልዑልም ይግባ። ፖርሺያን ሊያገባ «በቆዳዬ ቀለም አትጥይኝ» ብሎ ይመጣል፤ ለጋብቻው የሚመረጠውን ሣጥን ስቶ ሲሄድ፣ መልኩ እንደሱ የሆነ ሁሉ እንዲሁ ይሳት ትላለች። ስለ ምሕረት የምትሰብከው እሷው ናት። አንድ ገጽ ነው፣ ማታ እልካለሁ።

ጸሐፊ፦ ከ4 ሰዓት በፊት ላከው፣ ከእራቱ በፊት አስገባዋለሁ። ወጥ የሚሠሩትን ስም ግን አሁኑኑ እፈልጋለሁ።