አዳማ፦ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚቆራረጥ የፋይበር ሊንክ፤ የኢንዱስትሪ ኤስኤፍፒ መግዛት ይፈታዋል?

ፓምፕ_ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው አዳማ ዳር ያለ ፋብሪካ ነው። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ እስከ ውኃ ፓምፕ ቤቱ 620 ሜትር ሲንግል ሞድ ፋይበር በመሬት ውስጥ ተዘርግቷል። በሁለቱም ጫፍ ዲን ሬል (ፓነል ውስጥ ያለ የብረት ሐዲድ) ላይ የሚታሰር ስዊች አለ፤ እስከ 75 ዲግሪ ይሠራል የሚል ተጽፎበታል። ኤስኤፍፒዎቹ (ስዊቹ ላይ የሚሰኩት፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን የሚለውጡት ሞጁሎች) ባለ 1 ጊጋ፣ 1310 ናኖሜትር፣ «10 ኪሎ ሜትር» የሚባሉት፣ በሁለት ክር የሚሠሩ ናቸው። ላያቸው ላይ የሙቀት መጠን አልተጻፈም።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ እስከ 10 ሰዓት ሊንኩ ይወርዳል፣ ይነሣል። ጠዋትና ማታ ሰላም ነው። ሊንኩ በወረደ ቁጥር ፒኤልሲው (ፓምፑን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ) ከስካዳው (ከክፍሉ ሆኖ ሁሉን ከሚከታተለው ሥርዓት) ይለያያል። የፓምፕ ቤቱ ፓነል ውጭ ግድግዳ ላይ ወደ ምዕራብ ዞሮ የተሰቀለ፣ ጥቁር ግራጫ ብረት፣ ማራገቢያ የሌለው ነው።

ከስዊቾቹ የተነበበው ይኸው (ባያስ ለሌዘሩ የሚሰጠው ከረንት ነው፤ ዲቢኤም የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ደካማ ነው)፦

ፓምፕ ቤት፣ ጠዋት 2 ሰዓት፦ ሙቀት 39፣ ባያስ 13 ሚሊ አምፔር፣ የሚልከው −6.2፣ የሚቀበለው −16.4 ዲቢኤም።
ፓምፕ ቤት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፦ ሙቀት 81፣ ባያስ 34፣ የሚልከው −7.8፣ የሚቀበለው −16.7።
መቆጣጠሪያ ክፍል፦ ሙቀት ቀኑን ሙሉ 44 አካባቢ፣ የሚልከው −6.0፣ የሚቀበለው ጠዋት −7.8፣ ከሰዓት −9.4።

ሞጁሎቹን በኢንዱስትሪ ደረጃ ብንለውጣቸው ይበቃል? ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ዲንሬል

ሞጁሉ መለወጥ አለበት። የ75 ዲግሪው ጽሑፍ የስዊቹ እንጂ የኤስኤፍፒው አይደለም። ብዙ የስዊች አምራቾች ማኑዋላቸው ውስጥ በትንሹ ይጽፉታል፤ ያ ቁጥር የሚጸናው የኢንዱስትሪ ሞጁል ሲሰካበት ነው። ላዩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ሞጁል ተራው የንግድ ደረጃ ነው ብለህ ቁጠረው፦ ከ0 እስከ 70 ዲግሪ። የኢንዱስትሪው ከ−40 እስከ 85 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የሚለኩት በሞጁሉ ቆዳ ላይ ነው፤ የአየሩን ሙቀት አይደለም የሚናገሩት። አዳማ ላይ ውጭው 30 ዲግሪ ቢሆን፣ ፀሐይ የምትመታው የተዘጋ ብረት ውስጥ በቀላሉ 50 ይደርሳል፤ ሞጁሉ ደግሞ ከፓነሉ አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበልጣል። ላንተ ከዚያም አልፏል።

ባያሱን ተመልከት። ሌዘር ሲሞቅ ለተመሳሳይ ብርሃን ብዙ ከረንት ይጠይቃል። ሞጁሉ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ብርሃኑ እንዳይወርድ ከረንቱን እየጨመረ ይሄዳል። 13 የነበረው 34 ደርሶ ብርሃኑ ግን በ1.6 ዲቢ መውረዱ፣ መቆጣጠሪያው አቅሙ ማለቁን ያሳያል። እንዲህ በየቀኑ የሚጠበስ ሌዘር ዕድሜው ያጥራል፤ ሊንኩ ባይቆራረጥ እንኳ ያ ሞጁል መውጣት ነበረበት።

ነገር ግን 81 እና 85 መካከል ያለው 4 ዲግሪ ብቻ ነው። ንባቡ ራሱ እስከ 3 ዲግሪ ሊሳሳት ይፈቀድለታል። ስለዚህ ፓነሉንም አቀዝቅዘው፦

ከፓነሉ ፊትና ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ የቆርቆሮ ጥላ ማሰር። ክፍተቱ ዋናው ነገር ነው፤ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ቆርቆሮ ሙቀቱን ያስተላልፈዋል።
ፓነሉን ነጭ ቀለም መቀባት።
ስዊቹን ወደ ታችኛው ሬል ማውረድ። ፓወር ሰፕላይ ወይም ኢንቨርተር ከስሩ ካለ ሙቀቱ በቀጥታ ወደሱ ነው የሚወጣው። ከላይና ከታች ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተውለት።

ፓነሉን በድሪል አትብሱት። የአዳማን ነፋስና አቧራ ታውቀዋለህ፤ በወሩ ውስጡ ዱቄት ቤት ይሆናል።

ፈጣን_መፍትሔ

ጊዜ ከምታባክኑ የ80 ኪሎ ሜትሩን ኤስኤፍፒ ግዙ። ብርሃኑ ጠንካራ ስለሆነ በሙቀት ቢቀንስም ይደርሳል።

ዲቢኤም

ወንድሜ፣ ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የ80 ኪሎ ሜትሩ በ1550 ናኖሜትር ከ0 እስከ +5 ዲቢኤም ይልካል። ተቀባዩ ሊሸከም የሚችለው ግን −3 አካባቢ ነው። 620 ሜትር ላይ የሚጠፋው 2 ዲቢ እንኳ ስለማይሞላ፣ በጤነኛው ክር በኩል +1 ወይም +2 ይደርሰዋል፤ ተቀባዩ ይታወራል፣ ከቆየም ይበላሻል። ካልቀረልህ ቢያንስ የ10 ዲቢ አቴኑዌተር (ብርሃን መቀነሻ) ማስገባት ነው፤ ያኔ ጠንካራውን ብርሃን የገዛኸው ልታዳክመው ነው ማለት ነው። ደግሞም የንግድ ደረጃ ከሆነ እሱም 70 ላይ ያበቃለታል።

አሁን ወደ ጠያቂው ቁጥሮች እንመለስ፤ ዲንሬል ያለፈው ነገር አለ። ሙቀቱ ግማሹ ችግር ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በ1310 ላይ ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.35 ዲቢ ይበላል፤ ለ620 ሜትር 0.22። በሁለቱም ጫፍ ኦዲኤፍ (የፋይበር ማከፋፈያ ሳጥን) ላይ አንድ አንድ መጋጠሚያ፣ እያንዳንዱ 0.5 ቢባል 1 ዲቢ። ሁለት ስፕላይስ (ተበይዶ የተቀጠለ የፋይበር ቦታ) 0.2። ድምሩ 1.4 አካባቢ ነው።

ከፓምፕ ቤት ወደ ክፍሉ፦ −6.2 ተልኮ −7.6 መድረስ አለበት፤ የተነበበው −7.8። ይህ ክር ጤነኛ ነው።
ከክፍሉ ወደ ፓምፕ ቤት፦ −6.0 ተልኮ −7.4 መድረስ ሲገባው −16.4 ነው። 9 ዲቢ የሆነ ቦታ ቀርቷል። መድረስ ከሚገባው ብርሃን ከስምንት እጅ አንዱ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ይህ ጉድለት ጠዋትም አለ፣ ከሰዓትም አለ፤ ከሙቀት ጋር አይገናኝም። ለ1000ቤዝ-ኤልኤክስ (ያንተ ዓይነት ባለ 1 ጊጋ ሞጁል) ተቀባይ ዋስትናው እስከ −19 ነው። ጠዋት በ−16.4 የ2.6 ዲቢ ትርፍ ይኖራል። ከሰዓት ተቀባዩ ራሱ ከተፈቀደለት ሙቀት ሲወጣ ያ ዋስትና ስለማይሠራ፣ ትንሿ ትርፍ አልቃ ይቆረጣል። ሞጁሉን ብቻ ብትለውጥ ሊንኩ ይረጋጋ ይሆናል፤ ግን ጠርዝ ላይ ቆሞ ነው፤ አንድ ቀን አቧራ ሲገባ ይወድቃል።

ኬብሉ መሬት ውስጥ ቢጎዳ ኖሮ ሁለቱም ክሮች አንድ ላይ የመጎዳታቸው ዕድል ሰፊ ነው። አንድ ክር ብቻ ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓች ኮርዱን (ኦዲኤፉን ከስዊቹ የሚያገናኘውን አጭር ገመድ) ነው። ሁለቱም ኦዲኤፍ ላይ የኮኔክተሮቹን ቀለም ተመልከት። ሰማያዊው ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፤ አረንጓዴው በ8 ዲግሪ የተቆረጠ ነው። ለቤት ኢንተርኔት የሚገባው ፋይበር አረንጓዴ ስለሆነ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው፤ ፓች ኮርድ ሲቸግር ያ ይሰካል። አረንጓዴ ከሰማያዊ ጋር በአዳፕተር ውስጥ በደንብ ይገጥማል፣ «ቀጭ» ይላል፣ ሊንኩም ይበራል፤ ውስጥ ግን ሁለቱ ፊቶች አይነካኩም፣ በመካከላቸው አየር ይቀራል። ብዙ ብርሃን የሚጠፋው እዚያ ነው፤ የሰማያዊውም ፊት ሊጫር ይችላል።

ቀለሙ ትክክል ከሆነ ቆሻሻ ነው። የሲንግል ሞድ እምብርት 9 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትሸፍነዋለች። አጸዳዱ፦

1. የሁለቱንም ጫፍ ሞጁል ንቀል፤ 1310 በዓይን ስለማይታይ ወደ ኮኔክተሩ ፊት አትመልከት።
2. ለኤልሲ (ትንሹ ኮኔክተር) ባለ 1.25 ሚሊ ሜትር፣ ለኤስሲ (ትልቁ) ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር የክሊክ ማጽጃ ተጠቀም። ከሌለ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር የማይተው ጨርቅ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረግ፣ ከዚያ በደረቁ ድገም። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለው ጠብታ ይተዋል።
3. አዳፕተሩ ውስጥ ያለውንም ፊት አጽዳ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፤ የጸዳውን ኮኔክተር መልሶ ከቆሻሻው ጋር ያጋጥመዋል።
4. በፓወር ሜትር፣ 1310 ላይ አድርገህ፣ ለካ። የሞጁሉ የራሱ ንባብ እስከ 3 ዲቢ ሊሳሳት ስለሚፈቀድለት ለውጥን ለማየት እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ አይሆንም።

በአፍ መንፋት ክልክል ነው። ምራቁ ይጋገርበታል።

ፓምፕ_ቤት

ዲቢኤም፣ አመሰግናለሁ። ፓምፕ ቤት ኦዲኤፍ ላይ ሁለት ነጠላ ፓች ኮርዶች ናቸው ያሉት፤ የመቀበያው ኤስሲ ጫፍ አረንጓዴ ነው፣ የመላኪያው ሰማያዊ። አዳፕተሮቹ ሁለቱም ሰማያዊ። አረንጓዴውን በሰማያዊ ቀይረን −9.3 ሆነ፤ አዳፕተሩን ከጀርባ በኩል ካጸዳን በኋላ −7.5። ሊንኩ ዛሬ ከሰዓት አልወረደም፤ ሙቀቱ ግን ያው 80 ነው። ሞጁሉን ስንገዛ ምን እንጠይቅ? «ኢንዱስትሪያል» የሚል ስቲከር ማንም ይለጥፋል።

ዲንሬል

አረንጓዴውን አላየሁትም፤ ዲቢኤም ልክ ነው።

ለግዢው፦ ከስቲከሩ ይልቅ ዳታ ሺቱን ጠይቅ፤ «የቆዳ ሙቀት ከ−40 እስከ 85» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑረው። የአየር ሙቀት ብቻ ከጻፈ ሌላ ሻጭ ፈልግ። ከዚያ ሞጁሉን ስዊች ላይ ሰክተህ የማስጠንቀቂያ ገደቦቹን አንብብ። የሙቀት ከፍተኛ አላርም 70 ወይም 75 ላይ ከተቀመጠ የንግድ ደረጃ ሞጁል ነው፣ ስቲከሩ ምንም ይበል። ገደቡ 85 ወይም 90 መሆኑ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ ያ ጽሑፍ በፕሮግራም ይለወጣል። እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ ስዊቹን በሞቀ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠህ የሞጁሉ ሙቀት 80 እስኪደርስ አድርስ፤ ለ2 ሰዓት ሙሉ ትራፊክ እያሳለፍክ የስሕተት ቆጣሪውን ተመልከት። ዜሮ ካልሆነ መልስ።

ዲቢኤም

ጥቂት ልጨምር። ስዊቹ የሌላ ድርጅት ሞጁል የማይቀበል ዓይነት ከሆነ፣ ከመግዛትህ በፊት ለዚያ ስዊች ኮድ እንዲደረግልህ ንገራቸው። ፖርቱ ባለ 100 ሜጋ ብቻ ከሆነ የ1 ጊጋው ሞጁል ቢገባም አይነሣም፤ አሮጌ የኢንዱስትሪ ስዊቾች ላይ ይህ የተለመደ ወጥመድ ነው። በአንድ ክር የሚሠራውን ካመጡልህ ጥንድ መሆኑን አረጋግጥ፦ አንዱ በ1310 ልኮ በ1550 ሲቀበል ሌላው ተቃራኒው መሆን አለበት፤ ሁለት ተመሳሳይ ከሆኑ አይተያዩም። የመዳብ ኤስኤፍፒ ያንኑ ፓነል ውስጥ ከሰካህ ከፋይበሩ የበለጠ ስለሚሞቅ ከጎኑ ያለውን ፖርት ባዶ ተውለት።

ሦስት ግዛ፦ ለሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ፣ አንድ መጠባበቂያ። መጠባበቂያው የጎማ ክዳኑ ሳይወልቅ፣ በጸረ ስታቲክ ከረጢቱ ይቀመጥ።

ፓምፕ_ቤት

ስዊቹ 24 ቮልቱን ከፓምፑ ፓነል ነው የሚወስደው። ፓምፕ ሲነሣ ቮልቴጁ ወርዶ ሞጁሉን ሊያስቸግር ይችላል?

ዲቢኤም

ይችላል፣ ግን ላንተ አይመስልም፤ ፓምፑ ጠዋትም ይነሣል። ለማረጋገጥ ፓምፑ ሲነሣ የሞጁሉን ቮልቴጅ አንብብ፤ ከ3.135 እስከ 3.465 ውስጥ ከቆየ ደህና ነው። አዲሱ ሞጁል ከገባና ጥላው ከታሰረ በኋላ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያለውን ባያስ መዝግበህ፣ ከዚያ በ50 በመቶ ሲበልጥ አላርም እንዲልክ ስካዳው ላይ አስገባው።