«የፎኖን ብተና»፦ ግጭት፣ ብተና ወይስ ግልበጣ?

ብራና፦ «የፎኖን ብተና የጠጣር ነገሮችን ሙቀት አስተላላፊነት ይቀንሳል» ይባላል። እዚህ ላይ «ብተና» ምንን ነው የሚይዘው? «ግጭት» ቢባልስ አይቀልም?

መቃ፦ «ግጭት» ይጠብባል። ፎኖን ማለት የክሪስታል አቶሞች አብረው ሲንቀጠቀጡ የሚፈጠረው ሞገድ የኃይል ቅንጣት ነው፤ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ክሪስታል ውስጥ ሙቀቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ከመንገዱ የሚያስወጣው ሌላ ፎኖን ብቻ ሳይሆን የክሪስታሉ ገጽ፣ ባዕድ አቶም፣ አቶም የጎደለበት ቦታም ጭምር ነው። ሁሉንም የሚያቅፈው «ብተና» ነው።

የትኛው እንደሚበረታ የሚወስነው መጠነ ሙቀቱ ነው። አስተላላፊነት በግርድፉ የሦስት ነገሮች ብዜት ሲሶ ነው፦ ሙቀት የመያዝ አቅም፣ የድምፅ ፍጥነትና ነፃ ጉዞ (ፎኖኑ ሳይበተን የሚሄደው ርቀት)። ወደ ፍጹም ዜሮ ሲጠጋ ፎኖኖች ስለሚሳሱ እርስ በርስ እምብዛም አይገናኙም፤ በንጹሕ ክሪስታል ውስጥ ከገጽ እስከ ገጽ ይጓዛሉ። ነፃ ጉዞው በናሙናው ውፍረት ስለሚገደብ አስተላላፊነቱ ሙቀት የመያዝ አቅምን ተከትሎ ያድጋል፤ መጠነ ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን እሱ 8 እጥፍ ይሆናል። እዚህ ክልል ውስጥ የናሙናውን ውፍረትና የገጹን ልስላሴ ሳይጠቅሱ ቁጥር መስጠት ትርጉም የለውም፤ በደንብ የተወለወለ ገጽ ፎኖንን እንደ መስታወት ስለሚመልሰው ነፃ ጉዞው ከውፍረቱም ሊያልፍ ይችላል።

ነቁጥ፦ አንድ ማረሚያ ልጨምር። ብተና ሁሉ ሙቀትን አያግድም። ሁለት ፎኖኖች ተዋህደው ሦስተኛ ሲወልዱ ጠቅላላ ሞመንተማቸው (የጉዟቸው ግፊትና አቅጣጫ) ከተጠበቀ የሙቀቱ ፍሰት በአቅጣጫው ይቀጥላል። የሚያግደው የፊዚክስ ሊቁ ሩዶልፍ ፓየርልስ በ1929 ያብራራው «ኡምክላፕ» ነው፤ ቃሉ ጀርመንኛ ሲሆን «ግልበጣ» ብንለው አንሳሳትም። የሁለቱ ሞመንተም ድምር ክሪስታሉ ከሚፈቅደው የሞመንተም ወሰን ሲያልፍ ትርፉን ክሪስታሉ ራሱ ይወስደዋል፣ አዲሱ ፎኖንም ወደ ኋላ ዞሮ ይገኛል። ለዚህ ኃይለኛ ፎኖኖች ያስፈልጋሉ፤ በብርድ ጊዜ እነሱ በጣም ስለሚመናመኑ ግልበጣው ይጠፋል። የሲሊከን አስተላላፊነት በ25 ኬልቪን አካባቢ በሜትር በኬልቪን ከ3,000 ዋት በላይ ደርሶ በ300 ኬልቪን ወደ 150 የሚወርደው ግልበጣው ስለሚበረታ ነው።

ብራና፦ ስለዚህ «ሙቀት ሲጨምር አስተላላፊነት ይቀንሳል» ብሎ መጻፍ ይቻላል?

ነቁጥ፦ «አስተላላፊነቱ ከፍተኛ ከሚሆንበት የመጠነ ሙቀት ጫፍ ወዲያ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ክሪስታል ውስጥ» ካልተባለ አይቻልም። በንጹሕ ብረታ ብረት ሙቀቱን በአብዛኛው የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ብርጭቆ ደግሞ አቶሞቹ ሥርዓት ስለሌላቸው ነፃ ጉዞው በክፍል ሙቀት ጥቂት የአቶም ርቀት ብቻ ነው፤ ጫፍ የሚባል ነገር የለውም፣ ሲሞቅም አስተላላፊነቱ ይጨምራል።

መቃ፦ «ባዕድ አቶም» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። በተፈጥሮ አልማዝ ውስጥ 1.1 በመቶው ካርቦን-13 ነው። ያው ካርቦን ነው፣ ባዕድ አይባልም፤ ግን ስለሚከብድ ይበትናል። ሲጣራ የአልማዙ አስተላላፊነት በክፍል ሙቀት ከ2,200 ገደማ ወደ 3,000 ይዘላል። «የክብደት ልዩነት ብተና» ቢባል ይሻላል።

ነቁጥ፦ «አማካይ ነፃ ጉዞ» ላይም ብዙዎች ይወድቃሉ። በዚያ የሲሶ ስሌት ለሲሊከን በክፍል ሙቀት 40 ናኖሜትር ገደማ ይወጣል። ይህን አይቶ 100 ናኖሜትር ስስ ንጣፍ እንደ ወፍራሙ ያስተላልፋል ብሎ የሚነድፍ ሰው ይሳሳታል። አብዛኛውን ሙቀት የሚሸከሙት ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸው፣ በመቶዎች ናኖሜትርና ከዚያም በላይ የሚጓዙ ፎኖኖች ናቸው፤ ንጣፉ የሚቆርጠው የእነሱን መንገድ ስለሆነ አስተላላፊነቱ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል።