መቶ ሰው ያለበት የሶፍትዌር ድርጅት ጠርቶኛል፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሠራችሁ ንገሩኝ

የማራኪ ምሩቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተምሬ ዘንድሮ ተመረቅሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አሁን ያለሁት ቀበሌ 18፣ ቤተሰቦቼ ጋ ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ ለአንድ ክሊኒክ የካርድ መመዝገቢያ ሠርቻለሁ። ለሁለት ሱቆችም የዕቃ መቆጣጠሪያ ሠርቼላቸዋለሁ። ሁሉንም ብቻዬን ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ፈትኖኝ አለፍኩ። መቶ ገደማ ሠራተኛ አለው። ለማይክሮፋይናንሶችና ለማኅበራት ሲስተም ይሠራል። ሐሙስ በ4 ሰዓት የመጨረሻውን ቃለ መጠይቅ በስልክ ያደርጉልኛል። ያሉኝ ደመወዝ 30,000 ብር ነው፣ ያልተጣራ።

ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ ባንክ ግባ ይለኛል። ግማሹ አምስትና ስድስት ሰው ያለበት ቦታ ግባ፣ ሁሉን ትማራለህ ይላል። መካከለኛ ድርጅት የሠራ ሰው ግን በአካባቢዬ አጣሁ። ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው? ለጀማሪ ጊዜ ይሰጣሉ? እናቴ ከሄድክ አትመለስም ብላ እንቅልፍ አጥታለች። እውነቱን ንገሩኝ።


ሒሳብ ክፍል፦

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። እኔ ሃያ ዓመት ደመወዝ የሠራሁ የሒሳብ ሰው ነኝ። ስለ ኮድ አላውቅም። ስለ ገንዘቡ ግን ልንገርህ።

30,000 ስላሉህ 30,000 እጅህ አይገባም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር፣ የመጀመሪያው 2,000 ብር አይቆረጥበትም። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ይወጣና፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የአንተ ግብር 8,450 ብር ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 2,100 ብር። የሚቀርህ 19,450 ብር ነው። ቤት ኪራይ ስትፈልግ በዚህ አስላ።

ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ ለጡረታህ መክፈል አለበት። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መመዝገብህን ጠይቅ። ገና ሙከራ ላይ ነህ እያሉ የሠራተኛን ጡረታ የሚያዘገዩ አይቻለሁ። ሙከራ ማለት 60 የሥራ ቀን ነው፣ ጡረታ ግን የሙከራ ሠራተኛም መብት ነው።


የአዘዞ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ 2013 ትዝ አለኝ። እኔም ከጎንደር ወጥቼ ዘጠና ሰው ያለበት ድርጅት ገባሁ። ሥራው ከአንተው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሲስተም። ዛሬም እዚያው ነኝ። ስሙን አልጠራም።

ቀኑን ጠይቀሃል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስታንድአፕ አለ። ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን ያዘህ ይባላል። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው። ኮድህን ስትጨርስ ራስህ አትጭነውም። ሌላ ሰው አይቶ ካላለፈው አይገባም። ብቻውን ለሠራ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ሠላሳ አንድ አስተያየት ተጽፎበት ተመለሰልኝ። እንባዬ መጣ። አሁን ሳስበው፣ ያየችልኝ ልጅ በዚያ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ለእኔ ሰጥታለች። የራሷ ሥራ እየጠበቃት ነው። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያስተማረኝ የለም።

ሥራው ራሱ አገርህን የማወቅ ሥራ ነው። የደንበኛ ስም ፍለጋ ሰጥተውኝ ነበር። አንዱ ቅርንጫፍ «ፀሐይ» ብሎ መዝግቧል፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ። ሴትዮዋ አንድ ናቸው፣ ሲስተሙ ግን ሁለት ሰው አድርጓቸዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ነገር ስጽፍ ወር ፈጀብኝ። ያንን ወር እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አስር ሰው ያለበት ቦታ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ዞር ብለህ ትጠይቃለህ። ባንክ ውስጥ ደግሞ ለሁሉም ነገር ክፍልና ወረቀት አለው። መቶ ሲሆኑ ሁለቱም የለም። ሁሉም ሁሉን እንዳያውቅ በዝተዋል፣ የሚያውቁትን ግን ገና አልጻፉትም። ነገሩ አንድ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚኖረው። «እሱን እገሌ ነው የሚያውቀው» ሲባል ሳትሰማ የምትውልበት ቀን የለም። ያ እገሌ ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ከተለቀቀ ወዲህማ በዶላር የሚከፍል ያገኘ ሁሉ ወጥቷል። ከእኛ ቤት በስድስት ወር አራት ሲኒየሮች ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

አንድ ቀን ልንገርህ። ጳጉሜ 6፣ 2015። ሰኞ ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኮቹ ሁሉ በአንዴ ጮኹ። ማኅበራቱ ገንዘብ መክፈል አልቻሉም። ገንዘብ ያዥዋ የዕለቱን ቀን ስታስገባ ሲስተሙ «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» ይላታል። ሕዝቡ ለበጉ፣ ለዶሮው፣ ለቅቤው ብሎ ያጠራቀመውን ሊያወጣ ተሰልፏል።

የቀን ኮዱን የጻፈው ልጅ ከዓመት በፊት ውጭ አገር ሄዷል። በቴሌግራም ጻፍንለት፣ እሱ ባለበት ሌሊት ነበር። እኔ ከፈትኩት። አንድ መስመር ማብራሪያ የለውም። ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ቀን ተደርጋ ነው የተጻፈችው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ኮዱ የተጻፈው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት ጳጉሜ 6 የሆነችው በ2011 ነበር። በ2012፣ በ2013፣ በ2014 በ5 አለፈች። ስህተቱ ተኝቶ ዘመነ ሉቃስን ጠበቀ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ለተማሪዎቻቸው ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ እየሰማሁ ነው የምተኛው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። በሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ለኮምፒውተር ሲነገር አንድ መስመር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ናት። መስመሩን መጻፍ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የት የት እንደሚጻፍ ማግኘት ግን ግማሽ ቀናችንን በላው። ያው ስሌት አራት ቦታ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ደረሰኝ ላይ፣ የብድር ወለድ ላይ፣ ሪፖርት ላይ፣ የመልእክት መላኪያው ላይ። ሲስተሙ ሲነሣ 6 ሰዓት አልፏል። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው በዓል ዋዜማ ባዶ እጁን ተመልሷል። እስካሁን ያመኛል።

ያን ቀን ማታ ቤቴ አልገባሁም። ጳጉሜ 6ን የሚፈትን ቴስት ጻፍኩ። የቀን ኮዱ የት የት እንዳለ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በአማርኛ ሁለት ገጽ አስቀመጥኩ። የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በ2019 ነው። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ወረቀቱ እዚያ አለ።

መልካሙም እዚሁ ላይ ነው። ባንክ ብሆን ኖሮ የሁለት ዓመት ልምድ ይዤ ያንን ኮድ የሚያስነካኝ አልነበረም። እዚህ ነካሁት። ከበዓሉ በኋላ ሥራ አስኪያጁ በስሜ ጠርቶ አመሰገነኝ። በ2017 ከጎንደር ልሥራ ብዬ ስጠይቅ እሺ ያለኝ ስለሚያውቀኝ ነው። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ የሚታሰብ አልነበረም። አሁን ቤት መስመር አስገብቻለሁ። መብራት ለሚሄድበት ሰዓት ባትሪ ገዝቻለሁ። እናትህን ከእኔ እናት ጋር ባገናኛቸው ደስ ባለኝ።

ሐሙስ ሲደውሉልህ አንተም ጠይቅ። መጨረሻ የለቀቀው ሠራተኛ ሥራውን ለማን አስረከበ? በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለ፤ በእነዚያ ቀናት ምን ተጻፈ? እኔ ስገባ ኮዴን የሚያይልኝ ሰው ማን ነው? ስሙን ይንገሩህ። «ሁሉም ይረዳሃል» ካሉህ ማንም አልተመደበልህም ማለት ነው። በበዓል ተረኛ ካደረጉህ ክፍያው ሁለት እጥፍ ነው፣ ትርፍ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሁለት እጥፍ ተኩል፤ እሱም ሕግ ነው። ጥምቀትን ጎንደር ማክበር ከፈለግህ ደግሞ ፈቃድህን በኅዳር ጠይቅ። በጥር ሁሉም ይጠይቃል።


ፒያሳ ሠሪ፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ልጁ እዚሁ ይቅር። 19,450 ብር አዲስ አበባ ኪራይ ከፍለህ፣ በልተህ፣ ታክሲ ተሳፍረህ ምን ይተርፋል? ጎንደር እናትህ ቤት ትበላለህ።

ሦስት ሆነን ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን እንሠራለን። ለሆቴል፣ ለፋርማሲ፣ ለትምህርት ቤት። ክፍያ ይዘገያል፣ አልዋሽህም። አንዱ ደንበኛ ሰባት ወር አቆይቶኛል። ግን የራሴ ነው። ለልጆቻችን ከተማ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከወጣ እዚህ ማን ሊሠራ ነው?

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ልመን። የአዘዞው ልጅ የጻፈውን የሠላሳ አንድ አስተያየቱን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ በአምስት ዓመት ኮዴን ከፍቶ ያየልኝ ሰው የለም። አንድም ቀን።


የማራኪ ምሩቅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እትዬ፣ ስሌቱን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆይታ «ጡረታም አለው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ቀለል ብሏታል።

የፒያሳው ወንድሜ፣ ብሄድም ባልሄድም አንድ ቀን ቢሮህ ልምጣ። ኮድህን ልይልህ፣ አንተም የእኔን እይልኝ።

የአዘዞው፣ የጻፍከውን እንደጨረስኩ የክሊኒኩን ሲስተም ከፈትኩት። እኔም ጳጉሜን 5 አድርጌያታለሁ። በ2019 ጳጉሜ 6 የሚመጣ በሽተኛ ካርድ አይወጣለትም ነበር። ዛሬ ማታ አስተካክለዋለሁ። ነገ ጠዋት ሄጄ እጭንላቸዋለሁ። ብሄድ የሚረከበኝ ሰው እንዲያገኘው የት እንዳለም እጽፋለሁ። ሐሙስ ምን እንዳሉኝ መጥቼ እነግራችኋለሁ።


የአዘዞ ልጅ፦

ጎበዝ ወንድምዓለም። ጳጉሜን ስታስተካክል መስከረምንም ፈትን። ከሉቃስ ቀጥሎ የሚመጣው እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነው የሚውለው፣ 11 አይደለም። ክሊኒኩ የበዓል ቀኖች ዝርዝር ካለው ገናንም እይ፤ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ጥሪው ከመጣ በኋላ ነው። ቴስቱን ልኬልሃለሁ፣ የመልእክት ሳጥንህን ክፈት።