ካቶሊክ የሆናችሁ፦ ክርክሩን ትታችሁ የራሳችሁን ምክንያት ንገሩኝ

ጠያቂው

ሰላም ለሁላችሁ። እጮኛዬ ካቶሊክ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ከተዋወቅን ሦስት ዓመት አልፎናል። እሑድ ከቅዳሴ አትቀርም፤ ደክሟት የገባች ቀን እንኳ መቁጠሪያዋን ይዛ ነው የምትተኛው። በቅርቡ «ለምንድን ነው ካቶሊክ የሆንሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለችና «እንዴት ብዬ ልንገርህ?» ብላ እንባ ተናነቃት። ከዚያ በላይ አላስጨነቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስለ ጴጥሮስ መንበር፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ሥዕል፣ ማን ማንን በክርክር እንደረታ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእሷን እንባ የሚያስረዳኝ አንድም አላገኘሁም። መውጫው በር ክፍት ሆኖለት ሳለ አንድ ሰው ለምን እዚያ ይቆያል? የደረሰባችሁን፣ ያያችሁትን ንገሩኝ። ለመከራከር አልመጣሁም።

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ በዝምታዋ አትፍረድባት። እኔም ተጠይቄ በአፌ መልሼው የማላውቀው ጥያቄ ነው። በጽሑፍ ልሞክረው፤ ረዘም ይልብሃል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በጨቅላነቴ ተጠምቄ፣ በልጅነቴ ቆርቤ ያደግኩ ካቶሊክ ነኝ። ከዚያ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩም። የተጣላሁት ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የእሑድ ፈረቃ ሰበብ ሆነኝ፤ ቀጥሎ ፈረቃ በሌለኝ እሑድም መቅረት ለመድኩ፤ በመጨረሻ ስለ እግዚአብሔር ስጠየቅ «እንጃ» የምል ሰው ሆንኩ። «እንጃ» ስል ደግሞ ከልቤ ነበር።

አንድ ሌሊት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አንዲት እናት በ23ኛ ሳምንቷ ምጥ መጣባት። የተወለደው ልጅ ከመዳፌ ብዙም አይተርፍም። ሐኪሙ የሚቻለውን አደረገና ለወላጆቹ እውነቱን ነገራቸው። እናትየው «ካህን ጥሩልኝ» አለች። ባሏ ደወለ፤ ካህኑ ያሉበት ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። የልጁ የልብ ምት ግን ዓይናችን እያየ እየወረደ ነበር። ይኼኔ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ አጥምቂልኝ» አለችኝ።

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የተማርኩት አልጠፋብኝም። ሞት የሚያሰጋ ሲሆንና ካህን ሲታጣ ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል፤ ውሃና ቃሉ ካሉ ይበቃል። ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ፤ መርፌ አልገጠምኩበትም። «ስሙን ማን እንበለው?» አልኩ። አባትየው በቀስታ ነገረኝ። ውሃውን ሦስት ጊዜ በግንባሩ ላይ እያፈሰስኩ «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» አልኩ። ወደ ጆሮው የወረደውን በጥጥ አደረቅሁለት። ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በእናቱ ደረት ላይ ቆይቶ ዐረፈ።

ቤቴ ገብቼ መተኛት አቃተኝ። ያቺ ሴት የለመነችኝ የማምን መስያት ነው፤ እኔ ግን አላምንም። በሕይወቷ በከበደው ሰዓት አታለልኳት የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ሥራ ላይ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ ግን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ካህኑን ፈልጌ ሄድኩ።

አባ አልተቆጡኝም፣ አላባበሉኝምም። የሕመምተኛ ታሪክ እንደሚጠይቅ ሐኪም ነበር የሚጠይቁኝ። «ውሃ ብቻ ነበር? ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም? ቆዳው ላይ ፈሰሰ ወይስ በጣትሽ አርጥበሽ ነካሽው? ቃሉን እንዳልሽው አድርገሽ በይልኝ።» ደገምኩላቸው። «ቤተ ክርስቲያን ስታጠምቅ የምታደርገውን ለማድረግ አስበሽ ነበር?»

«አዎ አባ። ግን እኔ ራሴ አላምንም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አሉኝ። «ስለ አንቺ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ልጁ ግን ተጠምቋል።»

ተነሥተው ትልቁን የጥምቀት መዝገብ አወጡ። የልጁን ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። «አጥማቂ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች በእሳቸው ስም የተሞላ ነው። በዚያኛው መስመር ላይ የእኔን ስም ጻፉበት። ቀና ብለው «ፊደሉን አልተሳሳትኩም?» ሲሉኝ ማልቀስ ጀመርኩ።

ለምን እንዳለቀስኩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እምነት ማለት በውስጤ የሚነድ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ከነደደ አለ፣ ከጠፋ የለም። የእኔ ስለጠፋ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። እዚያ መዝገብ ፊት ግን ጸጋ በባዶ እጄ አልፎ ወደ አንድ ሕፃን እንደደረሰ ተነገረኝ፤ የእኔ ባዶነት አላገደውም። ኋላ ሳነብ ነገሩ የቆየ መሆኑን አወቅሁ። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ዘመን፣ ከ303 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ፈርተው ያስረከቡ ካህናት ነበሩ፤ በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች የተባሉት ወገኖች «እነዚህ የሰጡት ጥምቀትም ሆነ ሌላው ቅዱስ ምስጢር ከንቱ ነው» አሉ። የዚያው አገር ጳጳስ የነበረው ቅዱስ አውግስጢኖስ የመለሰላቸው መልስ ጴጥሮስ ቢያጠምቅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው፣ ይሁዳ ቢያጠምቅም የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው የሚል ነበር። ቀን ከሌት ሰው በምቀበልበት እጄ ይህ ቃል ምን እንደሚለኝ ልገልጽልህ አልችልም።

ወዲያው አልተመለስኩም። አራት ወር ፈጀብኝ። አንድ ቅዳሜ ከኑዛዜው መስኮት ፊት ተንበርክኬ «ከመጨረሻው ኑዛዜዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል» አልኩ። የተናገርኩት ከእኔና ከእግዚአብሔር ጋር ይቀራል፤ ካህኑ በማንኛውም ምክንያት ቢያወጣው ከቤተ ክርስቲያን አንድነት የሚያስለይ ወንጀል ነው። ለንስሐ የተሰጠኝ ቀኖና መዝሙር 130ን መጸለይ ብቻ ነበር። «ከኃጢአትሽ እፈታሻለሁ» የሚለውን በጆሮዬ ሰማሁት። ብቻዬን በልቤ ራሴን ይቅር ለማለት ስንት ዓመት ሞክሬ ነበር! ከውጭ፣ በሌላ ሰው ድምፅ፣ በስሜ ሲነገረኝ ነው የያዘልኝ።

የምቆየው በዚህ ነው። ውሃው፣ ዘይቱ፣ ኅብስቱ፣ የካህኑ ድምፅ፣ ሁሉም ከእኔ ውጭ ነው። እኔ በደከምኩ ቀን አይደክምም።

ስድስተኛው ምዕራፍ

የእኔ አጭር ነው። ካደግኩበት የወንጌላውያን ጉባኤ ወደ ካቶሊክ የመጣሁት በዮሐንስ 6 ነው። ጌታ ሥጋዬን ካልበላችሁ ሲል ብዙ ደቀ መዛሙርት ትተውት ሄዱ፤ እሱም «ምሳሌ ነው» ብሎ አልመለሳቸውም። ያንን ምዕራፍ ሁለት ዓመት ስሸሸው ኖሬ፣ በኋላ በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የአንጾኪያው ጳጳስ ኢግናጥዮስ ለሰምርኔስ ሰዎች የጻፈውን አነበብኩ። በእጃችን ባሉ ጽሑፎች ውስጥ «ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ስም መጀመሪያ የሚገኘው እዚያ ነው፤ እዚያው ደብዳቤ ላይ ቁርባን የመድኃኒታችን ሥጋ መሆኑን ስለማይቀበሉ ሰዎች እያዘነ ይጽፋል። ይህን የጻፈው በአውሬ ሊበላ ወደ ሮም እየተወሰደ ነው። እሱ ወዳለበት ልሂድ አልኩ። ከቀድሞ ወንድሞቼ ጋር ዛሬም እጸልያለሁ፤ መጽሐፉን እንድወድ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

የቀኖና ተማሪ

እህቴ የሌሊት ተረኛ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የላቲን (የምዕራቡ ሥርዓት) ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ በአስገዳጅ ጊዜ ያልተጠመቀ ሰው እንኳ ተገቢው ሐሳብ ካለው ማጥመቅ ይችላል። የግዕዙን ጨምሮ የምሥራቅ ሥርዓት ያላቸው የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ የራሳቸው የቀኖና ሕግ አላቸው፤ እዚያ ላይ ካህንም ዲያቆንም ሲታጣ የሚያጠምቀው ክርስቲያን ምዕመን ነው ይላል። አንቺ የተጠመቅሽ ስለሆንሽ በሁለቱም በኩል ጥያቄ የለውም። ልጁ ቢተርፍ ኖሮ እንኳ ጥምቀቱ አይደገምም ነበር፤ ቅብዓ ሜሮኑና የቀረው ሥርዓት ብቻ ይፈጸምለት ነበር።

የወጣሁት

እኔ የሄድኩ ነኝ። በልጅነቴ አንድ ካህን በደለኝ። ወላጆቼ አመለከቱ፤ ሰውየው ወደ ሌላ ቁምስና (ደብር) ተዛወረ፤ ለእኛ የደረሰን መልስ የለም። እህቴ፣ ታሪክሽ ልቤን ነክቶታል። ግን «ይሁዳም ቢያጠምቅ» የሚለውን ሳነብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። እንዲህ ያለው ትምህርት ነው እንደዚያ ያሉትን ሰዎች መሠዊያው ላይ ያቆያቸው። ቅዳሴው ስለሚሠራ ሰውየው ምንም ቢሆን ግድ የለም ተባለ። ለጠያቂው ይህም እንዲታወቅለት ስለፈለግኩ ነው።

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ ይህን እዚህ ለመጻፍ ምን እንዳስከፈለህ አላውቅም። የደረሰብህ ግፍ ነው፤ ዝም መባልህ ደግሞ ሁለተኛ ግፍ ነው። ያንን ትምህርት ለመሸሸጊያ ያዋለው ሰው ካለ፣ ትምህርቱን ሰርቆታል።

እኔ የሚገባኝን ልንገርህ፤ ካልተቀበልከው መብትህ ነው። ያ ቃል የተባለው ለተቀባዩ ነው። በክፉ እጅ የተጠመቀ ልጅ አልተታለለም፤ በክፉ ሰው ፊት የተናዘዘች እናት ይቅርታዋን አልተቀማችም። የሰጪውን ወንበር የሚጠብቅ ቃል ግን የለበትም። በእኔ ሙያ አንድ ሰው ሕመምተኛ ከበደለ የሙያ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ በፊት ያዋለዳቸው ልጆች ግን በሕይወት ያሉ ልጆች ናቸው። ልጆቹ ደህና ናቸው ተብሎ ፈቃዱ አይመለስለትም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን በሕግ ለመጻፍ እጅግ ዘገየች። በ2019 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ካህናትና ገዳማውያን እንዲህ ያለ በደል ሲያውቁ ለቤተ ክርስቲያን ኃላፊዎች የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባቸው ደነገጉ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የነበረውን «ጳጳሳዊ ምስጢር» የተባለውን ጥብቅ የምስጢር ጥበቃ ደንብ አነሡ። አንተ ልጅ በነበርክ ጊዜ አልነበረም። ሕግ ወጣ ብዬ ላጽናናህ አልደፍርም። ተመለስም አልልህም። ስምህን የማላውቀው ሰው ብትሆንም ከዛሬ ጀምሮ በጸሎቴ ውስጥ አለህ፤ ይህን እንድጽፍ ከፈቀድክልኝ።

የወጣሁት

ፈቅጃለሁ። የሙያ ፈቃዱን ነገር ያነሣሽው ገብቶኛል። እንደዚያ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የወጣውን ወንድሜንም ጭምር። ትናንት ማታ የሲሪንጁን ታሪክ ለእጮኛዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። መዝገቡ ላይ ስደርስ አስቆመችኝና የራሷን ምክንያት ነገረችኝ። የእሷ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። የጠየቅኋት ጥያቄ ግን ከባድ የሆነባት መልስ ስላጣች እንዳልሆነ አሁን ዐውቄያለሁ።

እሑድ አብሬያት ልሂድ ብያታለሁ። እንዳላሳፍራት ፈርቻለሁ። ካቶሊክ ያልሆነ ሰው ቅዳሴ ላይ ምን ያደርጋል?

የሌሊት ተረኛ

ግባና ከጎኗ ተቀመጥ። ሲነሡ ተነሣ፣ ሲቀመጡ ተቀመጥ። መንበርከክ ከከበደህ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ማንም ቅር አይለውም፤ የማታምንበትን ጸሎት እንድትደግም የሚያስገድድህ የለም። ሊቆርቡ ሲሰለፉ አንተ አትቆርብም። በቦታህ ቆይ፤ ወይም እሷን ጠይቃት፣ በብዙ ቁምስና እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የቀረበን ሰው ካህኑ ይባርኩታል።

ከዚያ ቀደም ብሎ «የሰላም ምልክት ተሰጣጡ» ይባላል። ያኔ ከኋላህ ያሉት ሰዎች የማያውቁህ ቢሆኑም እጃቸውን ይዘረጉልሃልና ዞር በልላቸው።