ከሜዳ የተነሡ የዱር ፈረሶች፦ ኃላፊነቱ የሚያበቃው መቼ ነው?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች፣ በመንግሥት መሬት ላይ የሚኖሩትን የዱር ፈረሶች የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሄሊኮፕተር እየነዳ ይይዛቸዋል፤ ከዚያም በማደጎ ይሰጣቸዋል፣ ይሸጣቸዋል ወይም በማቆያ ያኖራቸዋል። ይህ አሠራር ይቀጥል ወይስ ይቁም? ከተነሡ በኋላስ የፈረሶቹ ደኅንነት የማን ዕዳ ነው? (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሬኖ፣ ኔቫዳ

መነሣታቸውን እደግፋለሁ፤ የምደግፈውም ፈረስ ጠልቼ አይደለም። ከአገሪቱ የዱር ፈረሶች ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት እኔ ባለሁበት በኔቫዳ ነው። ቢሮው መሬቱ ይችላል ብሎ የወሰነው ቁጥር ፈረሱም የዱር አህያውም ተደምሮ ከ27 ሺህ በታች ሲሆን፣ በ2024 የተገመተው ግን 73 ሺህ ገደማ ነበር። የሚያድነው አውሬ እምብዛም የሌለበት መንጋ በዓመት እስከ 20 በመቶ ስለሚጨምር፣ ዝም ከተባለ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በድርቅ ወራት ያየኋት አንዲት ምንጭ ዙሪያዋ በኮቴ ተደቅድቆ ጭቃ ብቻ ቀርቶባት ነበር፤ ውርንጭላዋን ያስከተለች ባዝራ የጎን አጥንቷ አንድ በአንድ እየተቆጠረ፣ አፍንጫዋን ጭቃው ውስጥ ቀብራ የሌለ ውኃ ትፈልግ ነበር። እሷን እዚያ መተው ነጻነት ማክበር ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበለውም።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ከሬኖ የጻፉልን ወንድማችን ስለ ባዝራዋ ያሉትን አልጠራጠርም። ሆኖም መሬቱን የሚጋጠው ፈረስ ብቻ አይደለም፤ ቢሮው 155 ሚሊዮን ኤከር ያህል ለከብትና ለበግ ግጦሽ ፈቅዷል፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ ለወር የምትግጥበት ክፍያም በ2024 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ብቻ ነበር። ይህን ግን እዚህ ላይ ልተወውና እንቅልፍ ወደሚነሣኝ ጉዳይ ልለፍ።

አያያዙ እንዲህ ነው፦ ሄሊኮፕተሩ ዝቅ ብሎ መንጋውን ያባርራል፤ በጆንያ ጨርቅ የተጋረዱ ሁለት ረጃጅም አጥሮች እየጠበቡ ወደ በረት ያመሩታል፤ መግቢያው አጠገብ የሠለጠነ ፈረስ ይለቀቅና ፊት ፊት እየጋለበ ይገባል፣ ሌሎቹም አምነውት ይከተሉታል። ከዚያ በኋላ ድንጉላው ለብቻ፣ ባዝራዎቹ ለብቻ ይሆናሉ፤ አብሮ የኖረው ቤተሰብ በዚያው ቀን ይበተናል። አንድ ማቆያ ለጎብኚ ክፍት በሆነበት ቀን ሄጄ ያየሁት ዳማ ፈረስ፣ በአንገቱ ግራ ጎን፣ ከጋማው ሥር፣ በቀዘቀዘ ብረት የታተመበት ነጭ ምልክት ነበረው። ወደ አጥሩ ስንጠጋ ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ ግን ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ባለበት ቆመ። ያ ምልክት ፈረሱ በመንግሥት እጅ ማለፉን የሚመሰክር ነው፤ የመንግሥት ኃላፊነት ግን እንደ ምልክቱ ዘላቂ አይደለም።

በ1971 የወጣው ሕግ እነዚህን እንስሳት የምዕራቡ ታሪክ ሕያው ምልክቶች ብሎ ይጠብቃቸዋል። ይሁንና በማደጎ የወሰዳቸው ሰው ዓመት ሞልቶት የባለቤትነት ወረቀቱን ሲቀበል ጥበቃው ያበቃል። በ2019 ቢሮው ለአንድ ፈረስ እስከ 1,000 ዶላር ለአሳዳጊ መክፈል ጀመረ። በ2021 በጋዜጣ እንደተገለጠው፣ አንዳንዶች ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ፈረሶቹን ለቄራ ነጋዴዎች ወደሚሸጡ ጨረታዎች ወስደዋቸዋል። በአሜሪካ የፈረስ ቄራ ከ2007 ወዲህ ስለሌለ፣ በእነዚያ ጨረታዎች የተገዛ ፈረስ በጭነት መኪና ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ካናዳ ይሻገራል። በ2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ይህን የክፍያ አሠራር ሽረውታል፤ ወረቀቱ በዓመቱ መተላለፉ ግን አልቀረም። ከሜዳው በገዛ እጁ ያነሣው መንግሥት ነውና፣ አሳዳጊው ማቆየት ካቃተው ፈረሱ ለቢሮው ተመላሽ እንዲሆን፣ ለቄራም ፈጽሞ እንዳይሸጥ በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ቋሚ ግዴታ ሊጻፍ ይገባል።

ከአዲስ አበባ

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የጋሪ ፈረስ ሲያነክስ ወይም ሲያረጅ ባለቤቱ ቀለብ መስፈር ስለሚከብደው አስፋልት ዳር ይለቀዋል፤ መኪና እየሸሸ መንገድ አካፋይ ላይ ቆሞ የሚያድር ፈረስ በከተሞቻችን ያላየ ጥቂት ነው። የእኛ ባለጋሪ አማራጭ ያጣ ድሃ ነው። በጀት ያለው መንግሥት ግን ወረቀት ፈርሞ እጁን ሲያወጣ ሰበቡ ምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከሬኖ፣ ኔቫዳ

በወረቀቱ ላይ እኅቴ ባሉት እስማማለሁ፤ ይህን በቅንነት እላለሁ። ጥያቄዬ ግን የሚመለሰው ፈረስ የት ይገባል የሚል ነው። በማቆያ ያሉት ከ60 ሺህ በላይ ሆነዋል፤ ከፕሮግራሙ በጀት ከግማሽ በላዩን የሚበላው የእነሱ ድርቆሽና ጥበቃ ነው። በ2022 ኮሎራዶ ውስጥ ካንየን ሲቲ በሚገኘው ማቆያ የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ ከ140 በላይ ፈረሶች ሞተዋል። መጨናነቁ ራሱ በደል ነው። የወሊድ መከላከያ ክትባት ከሩቅ በጠመንጃ በሚተኮስ መርፌ ይወጋ የሚሉትም አሉ፤ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ባሕር ዳርቻ ባለችው በአሳቲግ ደሴት ለዓመታት ሠርቷል፣ ደሴት ስለሆነ። እዚህ ግን ፈረሱ ሰው ገና ከሩቅ ሲያይ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ ክትባቱም በየጊዜው መደገም አለበት።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

በረት ውስጥ ገብተው የቆሙትን ባዝራዎች ለመከተብ ግን ማንም መሮጥ አያስፈልገውም። የብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች የምርምር ምክር ቤት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ እያነሡ ብቻ መሄድ የቀሩት ይበልጥ እንዲዋለዱ ያግዛል ብሎ ክትባቱን ከመከረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሄሊኮፕተሩ አንዴ ከተከራየና ፈረሶቹ አንዴ ከተያዙ፣ ባዝራዎቹ ረዘም ላለ ጊዜ በሚሠራው ክትባት ተከትበው ከፊሎቹ ወደ መጡበት ሜዳ ይመለሱ። ውኃ የሌለበትን ቦታ ለይተው እርስዎ ይንገሩን፤ ከዚያ የሚነሡትን አልቃወምም። ቁጥራቸው ያነሰ ከሆነ ደግሞ ማቆያው ውስጥ ተመላሽ ለሚሆነው ፈረስ ቦታ አይጠፋም።