ትናንት የገዛሁት መኪና ዛሬ መብራት አበራ፣ ሻጩ ስልክ አያነሳም፤ ቶሎ እርዱኝ

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በናታችሁ የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይመልስልኝ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ነው የምጽፈው። ትናንት ማታ ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ስሞክረው ምንም አልነበረውም። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የሞተሩ ምልክት በራና መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነዳጅ ብረግጥም አይጎትትም። ሻጩ ስልክ አያነሳም። ግማሹን ከፍያለሁ፣ ቀሪውን ዛሬ ማታ ስሰጠው ሊብሬውን በስሜ ሊያዞርልኝ ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ገና ነው፣ የማውቀው መካኒክ የለም። እየነዳሁ ልሂድ ወይስ ላቁመው? ቀሪውንስ ልክፈል?

ሦስተኛ ማርሽ፦
የት አገር? ምን ዓይነት መኪና? ቤንዚን ነው ናፍጣ? ከነጋዴ ነው ከግለሰብ የገዛኸው? ወንድሜ፣ ጠንቋይ አይደለንም እኮ።

ሰላማዊ ሹፌር፦
አትጨነቅ ወንድሜ። የባትሪውን ነጌቲቭ 10 ደቂቃ ነቅለህ መልሰህ እሰረው፣ መብራቱ ይጠፋል። የእኔም እንደዚሁ አድርጎ ነበር፣ ይኸው እየነዳሁት ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦
ባትሪውን እንዳትነካ! መጀመሪያ ይህን መልስልኝ፦ መብራቱ ዝም ብሎ በርቷል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ቢጫ ነው ቀይ? የሙቀት መለኪያውስ የት ላይ ነው?

አዲስ ገቢ፦
ሲንቀጠቀጥ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፣ ቀስ ስል ግን ዝም ብሎ በርቶ ቀረ። ቢጫ ነው። ሙቀቱ መሀል ላይ ነው። ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ ከግለሰብ ነው የገዛሁት። ደግሞ እህት ነኝ።

ጋሽ ካንዴላ፦
ይቅርታ ልጄ። እንግዲያው ሞተሩን አጥፊው፣ አንድም ሜትር አትንጂው። ቢጫው ዝም ብሎ ሲበራ ጊዜ ይሰጥሻል፣ ቀስ ብለሽ ጋራዥ ትደርሻለሽ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ከሲሊንደሮቹ አንዱ እሳት እየሳተ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው ያልፍና ካታላይስቱ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ውስጥ ይነድዳል፣ ካታላይስቱም ግሎ ይቀልጣል። አሁን ምናልባት አንድ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ወይም አንድ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ብቻ ነው፤ ከነዳሽው ግን ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የቆምሽው ደረቅ ሣር ላይ ከሆነ ሰው ገፍቶ ፈቀቅ ያድርግልሽ፣ ሥሩ እንደ ምድጃ ነው አሁን።

ነገረ ፈጅ፦
የመካኒኩ ነገር ይቆይ፣ ወረቀቱን እንይ። ኢንሹራንስ ገብተሻል? ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው?

አዲስ ገቢ፦
ኢንሹራንሱን ስሙ ሲዞር ልገባ ነበር። ሊብሬው ላይ ያለው የሻጩ ስም አይደለም፣ የወንድሜ ነው ብሎኛል።

ከኋላ ወንበር፦
መኪና ሻጭ ሁሉ ወንድም አለው። ወንድምየው ደግሞ ሁልጊዜ ሩቅ ነው።

ነገረ ፈጅ፦
እህቴ፣ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፣ የትኛው አገር እንደሆንሽም አልነገርሽንም፤ ይህኛው ግን የትም ቢሆን አይለወጥም፦ ባለሊብሬው ራሱ ሳይፈርም ወይም ሕጋዊ ውክልና ሳታዪ ቀሪውን እንዳትከፍይ። በብዙ ቦታ ራሳቸውን ግለሰብ የሚያስመስሉ ነጋዴዎች አሉ፤ መኪና ገዝተው በስማቸው ሳያዞሩ መልሰው ይሸጣሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ግብሩንም፣ ነጋዴ ላይ የሚጣለውን ኃላፊነትም ያመልጣሉ። መኪናው የብድር ዕዳ ካለበት ደግሞ ዕዳው መኪናውን ተከትሎ አንቺ ጋ ሊመጣ ይችላል። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ራሱ በአብዛኛው አገር ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ጋሽ ካንዴላ ባይከለክሉሽም መንዳት አልነበረብሽም። በጎታች ይወሰድ።

አሁኑኑ የምታደርጊው፦ የሽያጭ ማስታወቂያውን ከማጥፋቱ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። "ምንም ችግር የሌለው" የሚል ቃል ካለበት ወርቅ ነው። ከዚህ በኋላ ሻጩን በጽሑፍ ብቻ አናግሪው፣ በስልክ የተባለን ነገር በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። ከግለሰብ የተገዛ መኪና "እንዳለ ነው የሸጥኩት" ስለሚባል መመለሱ ይከብዳል፤ እያወቀ መደበቁን ካሳየሽ ግን በብዙ አገር ሌላ ጉዳይ ነው።

አቶ በላይ ነጂ፦
ልጆች፣ አሁን የመጣ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ያገለገለ መኪና የሚታየው ቀን ነው፣ በደረቅ አየር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ። ከመድረስሽ በፊት አሙቆ የሚጠብቅሽ ሻጭ የሚደብቀው አለ። ስትደርሺ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ። የዘይት ክዳኑን ከፍተሽ ውስጡን እዪ፤ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ከለበሰ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለች፤ 3519 የምትል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኪሎሜትሩ ትንሽ ሆኖ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ካለቀ ኪሎሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትተሽ አውጪው፤ ከታች የጭቃ መስመር ካለበት ጎርፍ የበላው መኪና ነው። እኛ በዘመናችን

ከኋላ ወንበር፦
ጋሼ፣ ልጅቷ መንገድ ዳር ቆማለች።

አቶ በላይ ነጂ፦
ለሚቀጥለው ይጠቅማታል ብዬ ነው።

አዲስ ገቢ፦
አሁን ትዝ አለኝ፣ ስደርስ ኮፈኑ ሞቆ ነበር። "አሁን ከሱቅ ገባሁ" አለኝ።

ሰላማዊ ሹፌር፦
ኧረ ነገር አታካብዱ። ባትሪውን ንቀይው በቃ። 10 ደቂቃ።

ዕቅድ ያለው፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። አዲስ አገር የገባ ሰው ለምን ያገለገለ ይገዛል? አዲስ መኪና በብድር ይገዛል፣ ዋስትና አለው፣ ጭንቀት የለም።

ሦስተኛ ማርሽ፦
አዲስ ሰው የብድር ታሪክ ከየት ያመጣል? ባንኩ ወይ አይሰጣትም፣ ወይ ወለዱን ይቆልልባታል። አዲስ መኪና ደግሞ ከግቢ በወጣ በዓመቱ ከዋጋው ትልቅ ድርሻ ጥሏል። አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኢንሹራንሱን ነው። መኪናውን ሳትመርጪ "ለዚህ ሞዴል ስንት ታስከፍሉኛላችሁ" በይ፤ ለአዲስ መጪ የኢንሹራንሱ ዋጋ አንዳንዴ ከመኪናው ይብሳል። ከነበርሽበት አገር ኢንሹራንስ ድርጅት አደጋ እንዳላደረስሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ካለሽ የሚቀበሉ አሉ። መንጃ ፈቃድሽንም እዪው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው የዋናው መንጃ ፈቃድ ትርጉም እንጂ ራሱን የቻለ ፈቃድ አይደለም፣ ዋናው ከሌለ ብቻውን አይሠራም።

ዕቅድ ያለው፦
አውቶቡስስ ምን አላት?

ከኋላ ወንበር፦
አውቶቡስ ሻጭ ወንድም የለውም፣ እሱ ነው ችግሩ።

ጋሽ ካንዴላ፦
ወደ መኪናው እንመለስ። ልጄ፣ በአካባቢሽ ኮድ (የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበውን የጥፋት ቁጥር) ማንበቢያ ያለው ሰው ፈልጊ፤ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትሠራው ትንሿም ትበቃለች። ከመሪው ሥር 16 ፒን ያላት ሶኬት አለች፣ እዚያ ትሰካለች። አሜሪካ ውስጥ ከ1996፣ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ሆኖ የተሸጠ የቤንዚን የቤት መኪና ይህች ሶኬት አለችው። ኮዱን ብቻ አንብበሽ አትዝጊው። "ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተጓዘው ርቀት" የሚል መስመር ፈልጊ፣ ፎቶ አንሺው። ሰውየው አንቺ ከመምጣትሽ በፊት መብራቱን አጥፍቶት ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል። ባትሪ አትንቀይ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ባትሪ ሲነቀል ኮዱም ርቀቱም በአብዛኛው አብሮ ይሰረዛል። ማስረጃሽን በገዛ እጅሽ ታጠቢዋለሽ።

ስታይው የሻንሲ ቁጥሩንም (የመኪናውን መለያ ቁጥር) አመሳክሪ። 17 ፊደልና አሃዝ ነው፤ በብዙ መኪና ከፊት መስታወቱ ሥር ጥግ ላይም በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይም አለ። ሁለቱና ሊብሬው አንድ መሆን አለባቸው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም፤ ካየሽ አንድም ወረቀቱ ላይ ተሳስቷል፣ አንድም በሐሰት የተቀጠቀጠ ቁጥር ነው።

አዲስ ገቢ፦
የሥራ ባልደረባዬ ማንበቢያ ይዞ መጣልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ኮዱ ፒ 0302 ይላል። ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ 31 ኪሎሜትር ይላል። የሻንሲ ቁጥሩ ሦስቱም ቦታ አንድ ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦
0302 ሁለተኛው ሲሊንደር እሳት ይስታል ማለት ነው። 31 ኪሎሜትር ደግሞ ከሙከራሽ፣ ወደ ቤት ከወሰድሽውና ከዛሬ ጠዋቱ መንገድ ጋር ይገጥማል?

አዲስ ገቢ፦
ልክ እሱን ያህል ነው።

ከኋላ ወንበር፦
"አሁን ከሱቅ ገባሁ" ያለው ሱቁ መብራት የሚያጠፉበት ሱቅ ነበር።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ባትሪ ቀይሬ ነው የተሰረዘው ሊል ይችላል።

አዲስ ገቢ፦
ባትሪው ጫፍ ላይ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ጋግሮበታል፣ ማሰሪያውን ጭምር ሸፍኖታል። በቅርብ ሰው የነካው አይመስልም። ፎቶ አንስቻለሁ።

ጋሽ ካንዴላ፦
ጎበዝ። ኮይሉን የምታጣሪው በነጻ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ጠፍቶ ሳለ፣ የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩት። በአብዛኛው አንዲት የ10 ቁልፍ ብሎን ናት። ሶኬቱን መቆንጠጫውን ተጭናችሁ አላቁ፣ ሽቦውን አትጎትቱ። ኮይሉን ትንሽ ጠምዝዞ ወደ ላይ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ባለበት ይዙር፣ አትንዱት። ኮዱ ወደ 0303 ከተዛወረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ ቀላል ነው። 0302 ላይ ከቀረ ካንዴላውን እዩ፣ ቀጥሎ ኢንጄክተሩን (ቤንዚን የሚረጨውን)፣ በመጨረሻ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) ይለካ። ኮምፕሬሽን ከጎደለ ይሄ መኪና ያንቺ አይደለም። ኮይሉን ስታወጡ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ተኝቶ ካያችሁ ደግሞ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን አልቋል ማለት ነው፣ ኮይል ብትቀይሪም ያው መልሶ ይበላዋል።

ነገረ ፈጅ፦
ጋሽ ካንዴላ፣ በአክብሮት፣ አልስማማም። ምንም አትንኪ። አንድ ብሎን ፈትተሽ ከተገኘሽ "እሷ ናት ያበላሸችው" ይላል። ሻጩን የማያውቅ ጋራዥ ይመርምረውና በጽሑፍ ይስጥሽ።

ጋሽ ካንዴላ፦
ሞተሩ ላይ ያለ አንድ ኮይል ማቀያየር ምን ያበላሻል?

ነገረ ፈጅ፦
ምንም አያበላሽም። የሚያስቸግረው ክርክሩ ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦
ይሁን፣ መመለስ ከፈለገች አንተ ልክ ነህ። ማስቀረት ከፈለገችና ዋጋ ማስቀነስ ከሆነ ግን የእኔን ትስማ፣ ምን እንደሚያስወጣት ሳታውቅ ምን ብላ ትከራከራለች?

አዲስ ገቢ፦
ሻጩ መልእክት ላከ! እንዳለ ልጻፈው፦ "አትጨነቂ፣ ባትሪውን 10 ደቂቃ ነቅለሽ መልሰሽ እሰሪው ይጠፋል። ማታ ቀሪውን ይዘሽ ነይ።"

ከኋላ ወንበር፦
ሰላማዊ ሹፌር፣ መኪናውን የሸጥከው አንተ ነህ እንዴ?

ሰላማዊ ሹፌር፦
ምን አገባችሁ፣ እኔ የሚሠራውን ነው የተናገርኩት።

ነገረ ፈጅ፦
ይህ መልእክት ትልቅ ነገር ነው፤ መብራቱ እንዴት እንደሚጠፋ እንደሚያውቅ በራሱ እጅ ጻፈልሽ። አትሳደቢው። እንዲህ ብለሽ መልሺ፦ ባለሊብሬው ራሱ ይምጣ፣ መኪናው ጋራዥ ታይቶ የጥገናው ወጪ ከቀሪው ላይ ይቀነስ ወይም የከፈልኩት ይመለስልኝ። ቀን ጠቅሰሽ ገደብ ስጪው። ማታ ብቻሽን ገንዘብ ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ በቀንና ሰው ባለበት ቦታ ይሁን።

አዲስ ገቢ፦
እሺ፣ ጎታች እየመጣ ነው። ከጋራዡ ስወጣ እነግራችኋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ስንት ቀን ሆነ፣ የት ደረሰች? ኮይሉ ነበር? አገሩንም እስከ መጨረሻው አልነገረችን እኮ።

ናፍጣ ቤት፦
ይቅርታ በመሀል ስገባ፣ የእኔም ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ የምንጭ ሽቦ የመሰለች ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ናፍጣ ነው። እኔም ኮይሉን ላቀያይር?

ጋሽ ካንዴላ፦
ናፍጣ ኮይልም ካንዴላም የለውም። ያቺ ምልክት የማሞቂያው ናት፤ ከመነሳቱ በፊት በርታ ትጠፋለች እንጂ ብልጭ ድርግም ካለች በብዙ መኪና የሞተሩ ኮምፒውተር ጥፋት መዝግቧል ማለት ነው። ኮዱን አስነብበህ ለብቻው ጥያቄ ክፈትበት፣ ሞዴሉንና ኪሎሜትሩንም ጻፍ።